ስረዛና መርዶ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቡሬ ስመለስ የቤት አከራዬ ወንድም መሞቱን ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶ ነበር። ያልሰሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ፍኖተ ሰላም መነኻሪያ ወርጄ ወደ ቤት የሚወስደውን ኮረኮንች ስይዝ የዕድራችን ዳኛ ከአጥራቸው ሥር ቆመው ጠበቁኝ። ሽማግሌ ናቸው። በሌላ ቀን የኔን ደኅንነት፣ የትምህርት ቤቱን፣ የአገር ቤት ወላጆቼን፣ የከብቱን ሳይቀር ጠይቀው ነው ወደ ጉዳይ የሚገቡት። ያን ቀን «ደህና ዋልክ?» ብለው መልሴን ሳይጠብቁ ክንዴን ያዙኝ።

«መምህር፣ የአከራይህ ወንድም ቆላ ሞቷል» አሉኝ። «ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ወባ ያዘው። እዚያው ቀበሩት። እኛም የሰማነው ትናንት ነው።»

«እሳቸውስ?»

«አልሰማችም። ታላቅ እህቷ ከፈረስ ቤት ከተማ እየመጣች ነው። እኔ ቤት ታድራለች። ነገ ጎሕ ሲቀድ የንስሐ አባቷም ይመጡና እናረዳታለን። ደም ግፊት እንዳለባት ታውቃለህ፤ ዓምና ወድቃ አይተሃታል። ዘመድ ሳይከባት፣ ብቻዋን፣ ከስልክ ከሰማች ነገሩ ሌላ ይሆናል።» ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስልኳን አንተ ያዝልን። አፉን መያዝ የማይችል አንድ ሰው ደውሎ ያፈነዳዋል። ግቢው ውስጥ ያለኸው አንተ ነህ።»

እሺ አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ። ትከሻዬ ላይ በተንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ ግን አንድ እናት የልጇን ሞት የምትረዳበት ታሪክ ነበር፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የመርዶውን ትዕይንት አያስፈልግም ብዬ ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ የሰረዝኩት ደግሞ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነበር።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። እኔ የሂሳብ መምህር ነኝ። ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ የተሰባሰብን ጥቂት መምህራን አጫጭር ልብ ወለዶቻችንን በአንድ መጽሐፍ ልናሳትም ተስማምተን ነበር። ለእያንዳንዱ ታሪክ የተመደበው ቦታ የታወቀ ነው፤ የእኔ ከተመደበለት በብዙ ይበልጣል። ሥራዎቹን የሚያርመው ቡሬ አማርኛ የሚያስተምር ጓደኛዬ ነው። በስልክ «ና፣ ፊት ለፊት እንነጋገር» አለኝ። መንገዱ ክፍት ስለነበር ያን ቅዳሜ በማለዳ ሄድኩ። ወሩ ኅዳር ነው። ከማንኩሳ ጀምሮ በየደጃፉ የተሰጣ በርበሬ መሬቱን አቅልቶታል፣ የሚኒባሱ ተሳፋሪ በሙሉ ያስነጥሳል። እኔ ግን በልቤ ሙግቴን እያሰናዳሁ ነበር። እያንዳንዱ ገጽ ለምን እንደሚያስፈልግ በቅደም ተከተል አዘጋጅቼ ነበር።

ጓደኛዬን መነኻሪያው አጠገብ ባለ ሻይ ቤት ወረቀቱን ዘርግቶ አገኘሁት። ዳርና ዳሩ በእርሳስ ጠቁሯል።

«ይህን ልጅ አራት ጊዜ ገደልከው» አለኝ፣ ገና ሳልቀመጥ።

እውነቱን ነበር። ታሪኬ ስለ አንድ የጭነት መኪና ረዳት ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ይላል፣ መኪናው ይገለበጣል፣ ልጁ ይሞታል። ይህ አንድ ነው። ከዚያ ሾፌሩ እያነከሰ በአቅራቢያው ወዳለ ቤት ሄዶ ፍሬኑን፣ ቁልቁለቱን፣ የልጁን ኮፍያ መውደቅ ሳይቀር ለገበሬው ይነግረዋል። ከዚያ ወፍጮ ቤት የተሰበሰቡ ሴቶች ያንኑ ያወራሉ። በመጨረሻ ሽማግሌዎች እናቲቱን ሊያረዱ ይሄዱና አንደኛው አዛውንት ሁሉንም ከሀ እስከ ፐ ይተርኩላታል፤ ፍሬኑ፣ ቁልቁለቱ፣ ኮፍያው።

«በመጀመሪያው ደነገጥኩ» አለ ጓደኛዬ። «በሁለተኛው አዘንኩ። በሦስተኛው የቀረውን ገጽ ቆጠርኩ። በአራተኛው አንተንም ጭኖ በተገለበጠ አልኩ።»

«አንባቢው እንዲገባው ብዬ እኮ ነው።»

«ገብቶታል። አንባቢ ተማሪህ አይደለም፤ ሰኞ አትፈትነውም።»

ይህን ሲለኝ ጆሮዬ ጋለ። ክፍል ውስጥ ስሆን አንድን ነገር አንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም። መጀመሪያ ምን እንደምነግራቸው እነግራቸዋለሁ፣ ከዚያ እነግራቸዋለሁ፣ ከዚያ «ስለዚህ ምን አልን?» ብዬ የነገርኳቸውን እነግራቸዋለሁ። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ በመስኮት ስለሚያይ፣ የመካከለኛው ስለሚያንቀላፋ፣ ለማስተማር መድገም ግድ ነው። ያ ልማድ እጄ ላይ ወርዶ እንደሚጽፍልኝ ግን አላየሁም ነበር።

ጓደኛዬ ወደ ኋላ ገልጦ አንድ መስመር ላይ ጣቱን አኖረ። «ዝም አለች። ምንም አልተናገረችም። ከአፏ ቃል አልወጣም» ይላል።

«እዚህ ቤት ስንት ሴቶች ናቸው ዝም ያሉት?»

«አንዷ ናት።»

«ሦስት መስለውኝ ወንበር ስፈልግላቸው ነበር።»

ሳቅኩ፤ ግን እያየሁ በሄድኩ ቁጥር ሳቄ ጠፋ። «እጇ ተንቀጠቀጠ» ብዬ አልበቃኝም፤ «በጣም ፈርታ ነበር» እላለሁ። እጇ የተንቀጠቀጠው ምን ሆና ነው ታዲያ? በታሪኩ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሐሳብ ሲገባው ራሱን ይነቀንቃል፤ ሾፌሩ ይነቀንቃል፣ ገበሬው ይነቀንቃል፣ ወፍጮ ቤቱ በሙሉ ይነቀንቃል። «ጠዋት» ካልኩ በኋላ «ፀሐይ ገና ሳትከር» እላለሁ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ደግሞ «በማለዳው»። እያንዳንዱ ለብቻው ሲነበብ ክፉ አይደለም፤ ሲደራረብ ግን በአንድ ሰው ላይ ሦስት ካፖርት የመደረብ ያህል ይከብዳል።

ወደ መጨረሻው ስንደርስ ጓደኛዬ የመርዶውን ትዕይንት አነሳ። «ይህ ይውጣ» አለ። «ልጁ መሞቱን አንባቢው ያውቃል። እናትየው መስማቷ አይቀርም፤ ያንን ራሱ ይገምታል። ይህ ከወጣ ቦታው ይበቃሃል።»

ልከራከር አስቤ የመጣሁትን ረሳሁት። አመክንዮው ጥርት ያለ ነው፤ የታወቀ ነገር እንደገና አይረጋገጥም። እርሳሱን ተቀብዬ እዚያው ሰረዝኩት። ከዚያ በኋላ እጄ አልቆም አለ። በመልሱ ጉዞ ሚኒባሱ ውስጥ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ሌላም ሌላም ሰረዝኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ልጄ፣ ማንን ነው እንዲህ የምትጥለው?» አሉኝ፤ የፈተና ወረቀት መስሏቸው ነው። መሰረዝ እንደዚያ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር። ቤት ጠርገው ሲጨርሱ እንደሚሰማው ነው፤ ጠርገው ጠርገው ዕቃውንም ማውጣት ያምራል።

በዚያ ስሜት ላይ ሳለሁ ነው እንግዲህ ዳኛው ከአጥራቸው ሥር የያዙኝ።

ግቢ ስገባ አከራዬ በረንዳው ላይ ሰፌድ አቅፈው በርበሬ ይቀነጥሱ ነበር። እኔን ሲያዩ ለማሾፍ «የኔታ» ይሉኛል። የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ስም ነው፤ ማስረዳት ስለማበዛ ያወጡልኝ ነው።

«የኔታ፣ መጣህ? ቡሬ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። እርስዎ እንዴት ዋሉ?»

«ይመስገን። ስታስነጥስ ከበር ነው የሰማሁህ። እዚያም ቤት በርበሬ፣ እዚህም ቤት በርበሬ።»

ስልካቸው አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ነበር። ባለ ሰፊ ስክሪን ነው፤ የላከላቸው ያው ወንድማቸው ነው። ከእናታቸው ሞት በኋላ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ልጅ የላቸውም፣ ያላቸው ወንድም እሱ ብቻ ነው። «ካርድ ልሙላልዎት» ብዬ ስልኩን አነሳሁት። በሕይወቴ እንደዚያ እጄ የከበደኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ጥሪ እንዳይገባ የአውሮፕላኑን ምልክት ነካሁና ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

«ሞላህ?»

«ኔትወርክ የለም።»

«እሱ መቼ ኖሮ ያውቃል» ብለው በርበሬያቸውን ቀጠሉ።

እዚህ ላይ ነገሩ አብቅቶ ነበር። አምነውኛል፣ ስልኩ እጄ ላይ ነው፤ የቀረኝ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። እሱን ግን አልቻልኩበትም። ክፍሌ ገብቼ ወጣሁ። ሙሉ በርሜል እያለ ውኃ ልቅዳ ብዬ ጀሪካን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩ። የግቢውን በር ከፍቼ አየሁ፣ ዘጋሁ። በመጨረሻ የተማሪ ደብተር የማርም መስዬ የታሪኬን ወረቀት ይዤ በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«እሳት ላይ እንዳለች ጀበና ምን ያንተከትክሃል?» አሉኝ።

«መንገዱ ነው፤ ሲንጠን ነው የመጣነው።»

ጥቂት ቆይቶ ጎረቤታችን ገባች። ከአጥሩ ማዶ የምትኖር ናት፤ ወሬ ያዘች እንደሆነ ከፊቷ ይነበባል። ትልቁን ድስት ልትዋስ ነው የመጣችው።

«ለምን ፈለግሽው?» አሏት አከራዬ።

«ነገ ማኅበር አለብኝ፣ እትዬ።»

«ማኅበርሽ ባለፈው ወር አልወጣም?»

ጎረቤታችን ወደ እኔ አየች። እኔ ወረቀቴን አየሁ።

«የእኔ አይደለም፤ የባሌ እናት ናቸው የሚያወጡት።»

«አማትሽ? ማንኩሳ ያሉት? እስከዚያ ድረስ ድስቴን ልታዞሪው ነው?»

«እዚሁ ነው የሚሠራው፣ እትዬ፤ ከዚያ ይወሰዳል።»

«እሺ ውሰጂው። ጆሮው ላልቷልና በሁለት ሰው አስይዢው።»

ተነስተው ራሳቸው ከጓዳ አወጡላት፤ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት። ለገዛ ለቅሷቸው የሚሠራበትን ድስት። እርሳሴ ከእጄ ወደቀ፣ አነሳሁት፣ እንደገና ወደቀ። ጎረቤታችን ድስቱን ታቅፋ ስትወጣ አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ከበሩ ውጭ ቆማ አፍንጫዋን ስትጠርግ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት።

ያኔ አፌ አላርፍ አለኝና «ኔትወርኩ እኮ ቡሬም የለም ነበር» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም።

አከራዬ ቀና ብለው አዩኝ። «እንዲያ ነው?» አሉና መቀንጠሳቸውን ቀጠሉ።

ስለ ወንድማቸው ማውራት የጀመሩት ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአጨዳ ሲመለስ ስልክ ወደሚሠራበት ኮረብታ ወጥቶ ይደውልላቸዋል። «ዛሬም ይደውል ይሆናል» አሉ። «ስልኩን እዚህ አምጣልኝ፤ ኔትወርኩ ድንገት ቢመጣ።» ቻርጅ ላይ ነው አልኳቸው። ከቆላ ሲመለስ ቤቱን ቆርቆሮ እንደሚያለብስ፣ እሳቸው ሣሩ ይሻላል፣ ይቀዘቅዛል ቢሉት እንደሚስቅባቸው ነገሩኝ። እሱ ይስቃል፣ እሱ ይላል፣ እሱ ይመጣል። የሚናገሩት ሁሉ በአሁን ጊዜ ነበር። እኔ ግን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ እሰማው ነበር፤ አንዴ እሳቸው እንዳሉት፣ አንዴ ደግሞ እኔ እንደማውቀው።

ጉልበቴ ላይ የሰረዝኩት ገጽ ተዘርግቷል። አየሁትና የጠዋቱ ጥርት ያለ አመክንዮ ተበላሸብኝ። የማውቀውን እያወቅሁ፣ ሞቱ ለእኔ የተነገረ ሆኖ ሳለ፣ የሚመጣውን ንጋት እየፈራሁት ነበር። አንባቢው ያውቃል ማለት አበቃ ማለት አይደለም። እንዲያውም ስለሚያውቅ ነው እንዲህ ቁጭ ብድግ የሚለው። ታዲያ የእኔ የመርዶ ትዕይንት ጓደኛዬን ለምን አሰለቸው? ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እራት አብረን በላን። ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ይጠሩኛል። ሽሮው ጨው እንደጎደለው የገባኝ እሳቸው ሲሉኝ ነው፤ እኔ እየጎረስኩ ስለ ሌላ ነገር ነበር የማስበው። «ኔትወርኩ ነገ ሳይመጣ አይቀርም» አልኩ። እሳቸው ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሱኝ። «ብላ» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ስልኩ አልጠየቁኝም። ቶሎ ተነስተው በራቸውን ዘጉ። ደህና ተወጣሁት ብዬ አሰብኩ።

ጎሕ ሲቀድ የእግር ድምፅ ሰማሁ። የግቢውን በር ቀድሜ ከፈትኩ። ዳኛው፣ የንስሐ አባታቸው፣ ታላቅ እህታቸው፣ የሰፈሩ ሴቶች ገቡ። እህትየው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ነበር የለበሱት። ሁለት ጠንካራ ሴቶች ከደጃፉ ግራና ቀኝ ቆሙ። የንስሐ አባታቸው በሩን በመስቀላቸው ቆርቆር አደረጉት።

አከራዬ ለብሰው ነበር የከፈቱት። መጀመሪያ ቄሱን አዩ፣ ከዚያ የእህታቸውን ነጠላ።

«ልጄ» አሉ ቄሱ። «የወንድምሽን እርም አውጪ።»

ይኸው ነው። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ወባ አላሉም፣ ቆላ አላሉም፣ መቼና እንዴት አላሉም። አከራዬም አልጠየቁም። እህታቸው አንገት ላይ ወደቁ፤ ሴቶቹ መቀነታቸውን ያዙላቸው። ጩኸቱ ግቢውን አልፎ ሄደና ከየቤቱ ሰው ይወጣ ጀመር። እንደ ዓምናው ራሳቸውን ስተው አልወደቁም። ትንፋሻቸው ሲያጥር ውኃ አጠጧቸው፣ አናታቸውን አረጠቡላቸው፣ መድኃኒታቸውን እህታቸው አቀበሏቸው። ዳኛው ከሩቅ ሆነው አዩኝና በአገጫቸው ምልክት ሰጡኝ፤ አግዳሚ ወንበር አምጣ ማለታቸው ነው። አመጣሁ። ብዙ አግዳሚ አመጣሁ፤ እጄ ሥራ በማግኘቱ ደስ አለው።

የአሟሟቱ ነገር የመጣው በኋላ ነው፤ ያውም ቁርጥራጭ ሆኖ። ድንኳኑ ሥር አንዱ ወባ መሆኑን አነሳ፣ ሌላው የቀበሩት የአገሩ ልጆች መሆናቸውን አለ፣ አብሮት ያጭድ የነበረ ሰው ሲመጣ የመጨረሻዋን ሌሊት ነገራቸው። ሁሉም የያዘው አንድ ፍሬ ነው፣ አንዱ ያለውን ሌላው አይደግመውም፤ እሳቸውም በተቀበሉት ቁጥር እንደ አዲስ ያለቅሳሉ።

ሰዉ ቀለል ሲልና ክፍሌ መቀመጥ ስችል ታሪኬን አወጣሁ። ስሕተቴን ያገኘሁት ወዲያው ነው። የእኔ አዛውንት እናቲቱን ሲያረዱ አንድ ገጽ ተኩል ይናገራሉ። በዓለም ላይ እንደዚያ ያለ መርዶ ነጋሪ የለም። ፍሬንና ቁልቁለት የሚተርኩት ለእሷ ብለው አይደለም፤ እኔ በእሳቸው አፍ ገብቼ ለአንባቢው ክለሳ እየሰጠሁ ነበር። ጓደኛዬን ያሰለቸው ትዕይንቱ ሳይሆን ክለሳው ነው። ሰው አዲስ ነገር ሲሰማ ማየት ድግግሞሽ አይባልም፤ የታወቀውን ዝርዝር እንደገና መቁጠር ነው ድግግሞሽ።

ስለዚህ ስረዛዬን በላጲስ አጠፋሁና ሌላ ሰረዝኩ። ወፍጮ ቤቱ በሙሉ ወጣ፤ የምወደው ጨዋታ ነበረበት፣ ግን አዲስ ነገር የሚሰማበት ሰው አልነበረም። ሾፌሩ ገበሬው ቤት ደርሶ አፉን ሲከፍት ትዕይንቱ ያበቃል። አዛውንቱ አንድ መስመር ብቻ ቀራቸው። ከመርዶው በፊት እናቲቱ ሳትሰማ የምትውልበትን አንድ ከሰዓት ጨመርኩ። ኮፍያው አንድ ጊዜ ብቻ ወደቀ። ከተመደበልኝ ቦታ በታች ሆነ፤ ራሴም አላመንኩም።

ጓደኛዬ አንብቦ ደወለ። «አሁን አንዴ ሞተ» አለኝ። «አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። እናትየው ሞኝ ትመስላለች። ከሰዓቱን በሙሉ ሰው ይንሾካሾካል፣ ሰው ይወጣል ይገባል፤ ምንም አትጠረጥርም?»

«አትጠረጥርም። እንዲህ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ» ብዬ ተከራከርኩ። በደንብ አድርጌም አስረዳሁት። እሱም አስብበት ብሎ ተወኝ።

ከአርባው በኋላ ነው። አከራዬ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ፊታቸው ከስቷል፤ ማሾፋቸው ግን መመለስ ጀምሮ ነበር። ስልካቸው «ሞልቷል» እያለ አስቸግሯቸው እንዳየው ሰጡኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩና የማያስፈልገውን ማጥፋት ጀመርኩ።

«የኔታ» አሉኝ፣ «ያን ቀን ይህን ስልክ አንተ ነበርክ የደበቅኸው።»

«ዳኛው አዘውኝ ነው፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ አንተንም ይስጥህ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ግን አንዴ ብትለኝ አምንህ ነበር።»

«ምኑን?»

«ኔትወርክ የለም ስትል። አንዴ አልክ፤ እሺ፣ መቼስ የለም። ሳልጠይቅህ ደገምክ። እራት ላይ ሠለስክ። ያቺ ደግሞ ድስቴን ይዛ አማቷ ዘንድ ትሄዳለች። አማቷ ድስት አጥተው ነው?»

እጄ ስልኩ ላይ ቆመ። «ያውቁ ነበር ማለት ነው?»

«ሰው እንደጎደለብኝ አወቅሁ። ማን እንደሆነ ነው ያላወቅሁት። እህቴ ትሁን እሱ ይሁን።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

«ብጠይቅህ ትነግረኛለህ። አንተን ጠይቆ ሳትተነትንለት የሚያድር አለ?» ትንሽ ፈገግ አሉ፣ ፈገግታው ግን አልቆየም። ከአጥሩ ማዶ እያዩ፣ «ሁለቱንም እንደያዝኩ ልደር ብዬ ነው» አሉ።

የጓደኛዬ ጥያቄና የእኔ ማብራሪያ ትዝ አለኝ፤ ወረቀቱ ገና ማተሚያ ቤት አልገባም። ማታውኑ ደውዬ «ልክ ነህ» እንደምለው አወቅሁ። ለጊዜው ግን ዓይኔን ስልኩ ላይ ተከልኩና ማጥፋቴን ቀጠልኩ፤ የማስታወቂያ መልእክት፣ ማን እንደላከው የማይታወቅ ፎቶ። ወደ ስም ዝርዝሩ ስደርስ የወንድማቸው ቁጥር ሁለት ቦታ ተመዝግቦ አገኘሁት። አንዱ «ወንድሜ» ይላል፣ አንዱ «ወንድሜ ቆላ»። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሥርዓት ስለምወድ አፌ ቀደመኝ።

«ይህ ተደግሟል፣ እትዬ። አንዱን ላጥፋልዎት?»

ስልኩን ከእጄ ወስደው ከዓይናቸው አርቀው አዩት። ፀሐዩ ስለከለከላቸው በእጃቸው ጋረዱት። ሁለቱንም ስም በጣታቸው አንድ በአንድ ነኩ።

«ተዋቸው» አሉ። «ሁለቱም ይቀመጡ።»

ስልኩን አልመለሱልኝም። መቀነታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ ፊታቸውን ወደ ፀሐዩ መለሱ።